ባለቤቱ ማን ነው?
የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳር ደን ታሪክ

‹‹ባሕር የሌለው ሕዝብ ስለ ባሕር ደን ምን አገባው?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። ‹‹የራሳችን ጋራ ተራቁቶ ሳለ የሰው አገር ጭቃ ውስጥ ምን እንፈልጋለን?›› ቢለኝም አልቀየመውም፤ ጥያቄው ተገቢ ነውና። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እንዲወርድ የታቀደው መንገድ የሚያበቃው በዚሁ ደን መካከል ነው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ያ ደን ላለፉት መቶ ዓመታት ሲያነሣው የኖረው ጥያቄ በእኛም ዘንድ ሙሉ በሙሉ ያልተመለሰ መሆኑ ነው። ደን የማን ነው? በወረቀት የያዘው መንግሥት ነው ወይስ ከሥሩ የሚኖረው ሰው?

እኔ የደን ባለሙያ አይደለሁም። የጋዜጠኛ ዓይን ይዤ የታሪክ ወረቀት የማገላብጥ ሰው ነኝ። የኬንያን ጠረፍ የመረጥኩትም ጥያቄው እዚያ በአዋጅ፣ በመጥረቢያ፣ በፍርድ ቤትና በመጨረሻም በስምምነት ውል ደረጃ በደረጃ ሲመለስ ስላየሁት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጨው ላይ የቆመው ዛፍ

ማንግሮቭ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። በሞቃት አገሮች ጠረፍ፣ ጨው ውኃና የብስ በሚገናኙበት ጭቃ ላይ መኖር የሚችሉ ልዩ ልዩ ዛፎች የወል መጠሪያ ነው። በኬንያ ዳርቻ 9 ዓይነት ይገኛል። ስዋሂሊዎች ከመካከላቸው ዋነኛውን ‹‹ምኮኮ›› ይሉታል፤ ሲበዛ ‹‹ሚኮኮ›› ይሆናል።

የዛፉ ኑሮ ትግል ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሞላ ዛፉ እስከ ወገቡ በጨው ውኃ ይዋጣል፤ ሲሸሽ አየር በሌለው ጥቁር ጭቃ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንዳንዱ ሥሩን እንደ ሸረሪት እግር ከግንዱ አንሥቶ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ሌላው እንደ እርሳስ የቀጠኑ የመተንፈሻ ሥሮች ከጭቃው ወደ ላይ ያወጣል። የመጠጠውን ጨው በቅጠሉ መልሶ የሚያወጣም አለ። ምኮኮ ዘሩን እንደ ሌላው ዛፍ አይበትንም። ፍሬው እናቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይበቅልና እንደ ረጅም የቃሪያ ፍሬ ተሰቅሎ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ይወድቃል፣ ወይ እዚያው ጭቃ ላይ ይተከላል ወይም ባሕር ይዞት ሌላ ቦታ ያደርሰዋል።

ለሰው ያለው ጥቅም ከግንዱ ብቻ አይደለም። ዓሣ፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ የሚፈለፈሉትና የሚያድጉት በእነዚያ ሥሮች መካከል ነው። የማዕበልን ጉልበት ይሰብራል፣ የዳርቻውን አፈር ይይዛል። ሳይንስ በቅርብ ዓመታት የደረሰበት ሌላም ነገር አለ። ማንግሮቭ ከአየር የሳበውን ካርቦን በግንዱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዘመን ቀብሮ ያቆያል። በሔክታር ሲሰላ በየብስ ካለው የሞቃት አገር ደን ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሚደርስ ካርቦን ያከማቻል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ላይ ገንዘብ ሆኖ እናገኘዋለን።

የአጣናው መንገድ

የዚህ ደን ታሪክ የንግድ ታሪክ ነው። የማንግሮቭ እንጨት ጠንካራ ነው፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። የላሙና የዛንዚባር የድንጋይ ቤቶች ጣሪያ የተሸከመው ‹‹ቦሪቲ›› በተባለው የማንግሮቭ ወራጅ ነው። በእነዚያ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ክፍሎቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው። ባለቤቶቹ ጠባብ ቤት ስለወደዱ አይደለም፤ ወራጁ ከ3 ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ነው። የክፍሉን ስፋት የወሰነው ዛፉ ነበር ማለት ይቻላል።

ባሕሩን ተሻግሮ ያለው አረብ አገር ደግሞ ድንጋይና አሸዋ እንጂ እንጨት አልነበረውም። ስለዚህ ‹‹ዳው›› የሚባሉት ባለ ሸራ መርከቦች በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ቴምርና ጨው ጭነው ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ ነፋሱ ሲገለበጥ አጣና ጭነው ይመለሳሉ። ንግዱ የራሱ ቋንቋ ነበረው። 20 አጣና አንድ ‹‹ኮርጃ›› ይባላል። ቀጭኑ፣ የእኛን ማገር የሚመስለው ‹‹ፊቶ›› ነው፤ ለጣሪያ የሚሆነው ‹‹ቦሪቲ››፤ ከዚያ የሚወፍረው ምሰሶ ደግሞ ‹‹ንጉዞ››።

አለን ቪሊየርስ የተባለ አውስትራሊያዊ መርከበኛና ጸሐፊ በ1938 መጨረሻ ከኤደን ተነሥቶ በአንድ የኩዌት ዳው ተሳፈረ። የሶማሊያን ጠረፍ ታክኮ ሞምባሳና ዛንዚባር ደረሰ፤ ከዚያም ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር ባለው የሩፊጂ ወንዝ መጋጠሚያ ባሕረተኞቹ ራሳቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው አጣና ሲጭኑ ተመለከተ። ያየውን በ1940 ‹‹የሲንባድ ልጆች›› በሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ ጎልቶ የቀረብኝ የሥራው ክብደት ነው። ወባ፣ ትንኝ፣ እስከ ጭን የሚውጥ ጭቃ፣ ከዚያም ወራት የሚፈጅ የመልስ ጉዞ። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች፣ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ በሄዱበት አገር፣ ለጎብኚ ተጠብቀው የቆዩት አሮጌ ቤቶች ጣሪያ ላይ በመደዳ የተደረደሩት ክብ ወራጆች ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ ጭቃ የወጡ ናቸው። እዚያ ‹‹ቻንደል›› ይሏቸዋል።

ይህ ንግድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲካሄድ ደኑ አላለቀም። ሸራው የሚጭነው ውሱን ነው፤ ነፋሱም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወስዳል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሳል። ቆራጩ አጣናውን እየመረጠ ይቆርጥ ስለነበር ትንሹ ዛፍ የማደጊያ ጊዜ ያገኝ ነበር። ደኑን የጠበቀው የነጋዴው ርኅራኄ ሳይሆን የነፋሱና የሸራው ልክ ነው።

የ1932ቱ ወረቀት

እንግሊዞች የዛንዚባሩ ሱልጣን ይዞታ የነበረውን የኬንያን ጠረፍ በ1895 በኪራይ ስም ያዙ። በ1932 የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በጠረፉ ያለው የማንግሮቭ መሬት ሁሉ ‹‹የተከለለ የመንግሥት ደን›› መሆኑን አወጀ። ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላም በ1964 የወጣው ሕግ ይህንኑ አጸናው።

በወረቀት ሲታይ መልካም ነገር ነው። ደኑ ባለቤት አገኘ፣ ወሰን ተበጀለት፣ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ወንጀል ሆነ። ነገር ግን አዋጁ አንድ ነገር ገለበጠ። ትናንት በአያቶቹ ጭቃ ውስጥ ሸርጣን ሲለቅም፣ ለጎጆው ማገር ሲቆርጥ የነበረው መንደርተኛ በማግሥቱ በመንግሥት ንብረት ላይ የተገኘ ሰው ሆነ። ፈቃድ ደግሞ የሚገኘው በከተማ ካለ ጽሕፈት ቤት ነው። ፈቃዱን የሚያወጣው ገንዘብና ዘመድ ያለው ነጋዴ ሲሆን፣ መንደርተኛው በገዛ አገሩ ደን ለነጋዴው በቀን ሥራ አጣና ቆራጭ ይሆናል። መንግሥት ቀረጡን፣ ነጋዴው ትርፉን ይወስዳሉ። ለመንደሩ የሚቀረው ጉቶ ነው።

‹‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ›› ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን የሆነው ተገላቢጦሽ ይመስለኛል። አጥሩ ቆመ፤ በአጥሩ ውስጥ ግን የሚታይ ባለቤት አልነበረም። ናይሮቢ የተቀመጠ ባለቤት በጋዚ ጭቃ ላይ አይታይም። ሌላው ሲቆርጥ ያየ መንደርተኛም ‹‹ምን አገባኝ?›› ከማለት የሚያግደው ነገር አልነበረም።

ባሕሩ የተራቆተበት መንደር

ጋዚ ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በታሪክ የምትታወቀው በ1895 እና በ1896 በእንግሊዞችና በሱልጣኑ ላይ ያመፀው ሼህ ምባሩክ ቢን ራሺድ መቀመጫ በመሆኗ ነው። ከፊቷ ባለው የባሕር ሰርጥ ዙሪያ ከ600 ሔክታር የማያንስ ማንግሮቭ አለ።

በ1970ዎቹ ይህ ደን ክፉኛ ተጎዳ። የኖራና የጡብ ማምረቻዎች ምድጃቸውን የሚያነዱት በማንግሮቭ እንጨት ነበር፤ ነዶም ብዙ ሙቀት ይሰጣል። አጣና ነጋዴ ቀጥ ያለውን መርጦ ይቆርጣል፤ ምድጃ ግን አይመርጥም። ጠማማውንም፣ ለጋውንም፣ እናት ዛፉንም ይበላል። የዘር ዛፍ ሲጠፋ ከላይ እንዳየነው ዘሩን ከጎኑ የሚጥለው ምኮኮ መልሶ የሚበቅልበት መንገድ ይቆረጣል። ጭቃው ፀሐይ ይመታዋል፣ ጨው ያበቅላል፣ አሸዋ ይመጣበታል። ዓሣ አጥማጁ መረቡ ባዶ ሲመለስለት ምክንያቱን የነገረው አልነበረም፤ በራሱ ደረሰበት እንጂ። ይህ ሁሉ የሆነው ‹‹የተከለለ የመንግሥት ደን›› በተባለ መሬት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

መንግሥት በ1982 የማንግሮቭ አጣና ወደ ውጭ አገር መላክን ከለከለ። ክልከላው የውጭውን ገበያ ቢዘጋም የአገር ውስጡን ምድጃና ግንባታ አልነካም። ከ1985 ወዲህ ባሉት 25 ዓመታት ውስጥ ኬንያ ከማንግሮቭ ደኗ 18 በመቶ የሚሆነውን ማጣቷን ከሳተላይት ፎቶግራፍ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። የቆረጠው መጥረቢያ ብቻ አልነበረም። በ1997 እና በ1998 በወረደው የኤል ኒኞ ከባድ ዝናብ ከተራቆተው ደጋ የታጠበው አፈር በሞምባሳ አጠገብ ባለው የምዋቼ ሰርጥ የማንግሮቹን መተንፈሻ ሥሮች ቀብሮ ብዙ ዛፍ ገደለ። ደጋው ሲራቆት ባሕሩ ይታመማል ማለት ነው።

በ1991 የኬንያ የባሕርና የዓሣ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች ጋዚ ላይ መልሶ መትከል ጀመሩ። በሥራው ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ኬንያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ጄምስ ካይሮ ናቸው። ማንግሮቭ መትከል እንደ ባሕር ዛፍ ጉድጓድ ቆፍሮ ማስገባት አይደለም። እያንዳንዱ ዓይነት ባሕሩ በሚሞላበትና በሚሸሽበት ልክ የራሱ ደረጃ አለው። ከቦታው በክንድ ዝቅ ብሎ የተተከለው ውኃ ይወስደዋል፣ ከፍ ብሎ የተተከለው ይደርቃል። በዓለም ዙሪያ በዘመቻ የተተከለ ማንግሮቭ በብዛት የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ጋዚዎች ግን የባሕሩን ሙላትና ሽሽት ከልጅነታቸው ያውቁታል። ሳይንቲስቱ የዛፉን ስም፣ መንደርተኛው የውኃውን መንገድ ይዞ ተገናኙ። የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ያ ይመስለኛል።

ስለ መትከል ከተነሣ በቅርባችን የሆነውን አለማንሣት ንፉግነት ይሆናል። በምጽዋ አጠገብ ባለችው ሕርጊጎ፣ ጎርደን ሳቶ የተባሉ ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ የሕዋስ ሳይንቲስት አንድ ነገር ታዘቡ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው ክረምት ጎርፍ በሚወርድባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ታዲያ ዛፉ የሚፈልገው የጎርፉን ውኃ ሳይሆን ጎርፉ የሚያመጣውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው ብለው ደመደሙ። ማዳበሪያውን ትንሽ ቀዳዳ ባላት ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው፣ ብረት ጨምረው ከችግኙ ሥር ቀበሩት። ዛፉ ምንም ባልነበረበት ዳርቻ በቀለ። ተካዮቹ የመንደሩ ሴቶች ነበሩ፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ሳቶ በልጅነታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓናውያን ወገኖቻቸው ጋር የታሰሩበትን የካሊፎርኒያ በረሃ ካምፕ ስም ለሥራቸው ሰጥተው ‹‹ማንዛናር›› አሉት። በ2017 ዐረፉ።

ሁለት ፊርማ ያለበት ውል

መትከል ግን መጠበቅ አይደለም። ዛሬ የተተከለውን ነገ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ እስከ 2005 ድረስ ሕጋዊ መልስ አልነበረውም። በዚያ ዓመት የወጣው የኬንያ የደን ሕግ የአገሪቱን የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም፣ በደን ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር መሥርተው ከመንግሥት ጋር በውል ደኑን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። በ2016 የወጣው አዲሱ ሕግም ይህንኑ መብት አስቀጠለ። መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። ነገር ግን መንደርተኛው ወንጀለኛ መሆኑ ቀርቶ የስምምነቱ ሁለተኛ ወገን ሆነ። ግዴታውም መብቱም በጽሑፍ ሰፈረ።

በዚህ ሕግ ላይ ቆሞ በ2013 በጋዚና በጎረቤቷ በማኮንጌኒ ‹‹ሚኮኮ ፓሞጃ›› የሚባል ሥራ ተጀመረ። ትርጉሙ ‹‹ማንግሮቭ በአንድነት›› እንደማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱ መንደሮች 117 ሔክታር ደን ለ20 ዓመታት ሊጠብቁና በየዓመቱ ችግኝ ሊተክሉ ይስማማሉ። ይህ ባይደረግ ኖሮ ወደ አየር ይወጣ የነበረው፣ ሲደረግ ግን ጭቃው ውስጥ የሚቀረው ካርቦን ይሰላል፤ በዓመት 3,000 ቶን ገደማ ይሆናል። የኤድንብራው ናፒየር ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ከኬንያውያኑ ጋር በስሌቱ ተባበሩ፤ በስኮትላንድ የተመዘገበ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሽያጩን ያካሂዳል፤ ‹‹ፕላን ቪቮ›› የተባለ ተቋም ልኩን ያረጋግጣል። ገዢዎቹ የጢሳቸውን ዕዳ ለማካካስ የሚፈልጉ ድርጅቶችና ግለሰቦች ናቸው። በዓለም ላይ ከማንግሮቭ የሚገኝ ካርቦንን የሸጠ የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ሥራ ይህ መሆኑ ይነገርለታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገኘው ገቢ በዓመት 12 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ለመንደርተኛው በነፍስ ወከፍ ቢካፈል ለአንድ ሳምንት ቀለብ እንኳ አይበቃም። በዚህም ምክንያት አልተካፈሉትም። በምን ላይ ይዋል የሚለውን መንደሩ ተሰብስቦ ይወስናል። ለመጠጥ ውኃ፣ ለተማሪዎች መጽሐፍ፣ ለትምህርት ቤት ጥገና አዋሉት። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለው አባባላችን ለገንዘብም እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል። እናት ከቧንቧው ውኃ ስትቀዳ ደኑ የማን እንደሆነ ሰባኪ አያስፈልጋትም።

ማገዶ የሚፈልገውን ሰው ‹‹አትቁረጥ›› ብሎ መተው ደግሞ ሌባ ማፍራት ነው። ስለዚህ በየብሱ ላይ ፈጥኖ የሚያድገው የካዙዋሪና ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንዲተከል ተደረገ። የጋዚ ሴቶችም በደኑ ውስጥ የእንጨት መረማመጃ ዘርግተው ጎብኚ እያስከፈሉ የሚያስገቡበት የራሳቸው ሥራ አላቸው። ሚኮኮ ፓሞጃ በ2017 የተባበሩት መንግሥታትን ‹‹የኢኳተር ሽልማት›› አገኘ። ወደ ታንዛኒያ ወሰን በምትጠጋው ቫንጋ ደግሞ በ460 ሔክታር ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተከተለ።

አንባቢ ሆይ፣ ሥራው ነቀፌታ የለበትም ማለቴ አይደለም። ‹‹ሀብታሙ ጢሱን እንደለቀቀ ይቀጥል ዘንድ ድሀው ዛፍ ይጠብቅለታል›› የሚሉ አሉ፤ ሙግታቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የካርቦን ዋጋ የሚወሰነው ጋዚ ላይ ሳይሆን በሩቅ ገበያ ነው። ደግሞም 117 ሔክታር ከኬንያ 61 ሺህ ሔክታር ማንግሮቭ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት መቶ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። ለእኔ ግን የጋዚ ትምህርት ገንዘቡ አይደለም። ገንዘቡ ነገ ሊቀር ይችላል። መንግሥት ፊርማውን ከመንደርተኛው ፊርማ ጎን ማኖሩ ነው ትልቁ ነገር።

ላሙ፦ ፊርማው የቀረበት ቦታ

ይህን ለማየት ወደ ሰሜን፣ ወደ ላሙ መሄድ ነው። ከኬንያ ማንግሮቭ 62 በመቶ የሚሆነው ያለው እዚያ ነው። በየካቲት 2018 የኬንያ መንግሥት በሕዝብና በማኅበረሰብ ደኖች ዛፍ መቁረጥን በጅምላ አገደ። ዓላማው የደጋውን ደን ለማዳን ነበር። ላሙ ላይ ግን ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ የአጣና ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በአንድ ቀን ሥራ ፈት ሆኑ። ውሎ አድሮ እገዳው ለላሙ ሊነሣ ግድ ሆነ። አሳቡ በጎ፣ ወረቀቱም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ጭቃው ውስጥ የቆመውን ሰው ሳይጠይቁ ማዘዝ የት እንደሚያደርስ በአንድ ዓመት ውስጥ ታየ።

ሁለተኛው ነገር እኛንም ይነካል። በመጋቢት 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ላሙ ላይ ተገናኝተው ‹‹ላፕሴት›› የተባለውን ታላቅ ዕቅድ አስጀመሩ። በስሙ ውስጥ ላሙም፣ ደቡብ ሱዳንም፣ ኢትዮጵያም አሉበት። ወደብ፣ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ቧንቧ ያለበት ዕቅድ ነው። ለወደቡ ሲባል ማንግሮቭ ተመነጠረ፣ የባሕሩም ወለል ተቆፈረ። ዓሣ አጥማጆቹ ‹‹አልተጠየቅንም›› ብለው መንግሥትን ከሰሱ።

‹‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ›› ብለን ላደግን ሰዎች የሚቀጥለው ይደንቀናል። በ2018 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሕዝቡ መረጃ የማግኘት፣ በንጹሕ አካባቢ የመኖርና የባህሉ መብት ተጥሷል ብሎ ፈረደ። ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆችም 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ ስለ አከፋፈሉ የተነሣው ክርክርና ድርድር ከፍርዱ በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። የወደቡ የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያ ግን በግንቦት 2021 ተመረቀ። ዓሣ አጥማጆቹ ወደብ አይሠራ አላሉም። ጥያቄያቸው ‹‹ከመቆፈራችሁ በፊት ብትጠይቁን ምን ነበረበት?›› የሚል ነው። ጋዚ ላይ የተጠየቀው ሰው ደን ጠበቀ፤ ላሙ ላይ ያልተጠየቀው ሰው ፍርድ ቤት ቆመ። ሕዝቡ ያው የስዋሂሊ ሕዝብ፣ ዛፉም ያው ምኮኮ ነው።

ወደ እኛው ጓዳ

እኔ የተወለድኩት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስለሆነ የዚያን ዓመት ነገር የማውቀው ከታላላቆቼ ነው። የ1967ቱ ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ሰፋፊ ደኖች በመንግሥት እጅ ገቡ። ቀጥሎም በዘመቻና በምግብ ለሥራ ብዙ ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ፣ ጋራዎችም ተከለሉ። መንግሥቱ ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ ሕዝቡ ራሱ በተከለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ አነሣ። ‹‹ሕዝቡ የደን ጠላት ስለሆነ ነው›› የሚል ፍርድ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የጋዚን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሰው የቆረጠው የራሱን ዛፍ ሳይሆን የሄደውን መንግሥት ዛፍ ነው። ባለቤቱ የለም፤ አጥሩን ማን ይፍራ?

ከዚያ ወዲህ በእኛም አገር የተማርነው አለ። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጭሊሞና በቦንጋ ደኖች ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ውል ይዞ ደን የሚያስተዳድርበት አሠራር ተሞክሮ ወደ ሌሎችም ቦታዎች ተዛምቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም የማኅበረሰብን የደን ባለይዞታነትና አሳታፊ አስተዳደርን በሕግ አውቋል። ኬንያ በ2005 የደረሰችበትን እኛ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተን ደረስንበት ማለት ነው፤ መዘግየት ካለመድረስ ይሻላል። ቀሪው ሥራ አዋጁ ከጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ወርዶ ከደኑ ሥር ባለው ሰው እጅ መግባቱ፣ ሰውዬውም የሚጠብቀው ነገር ውኃ፣ መጽሐፍና ማገዶ ሆኖ ሲመለስለት ማየቱ ነው።

የባሕር በር ጉዳይ በዚህ ዘመን በየቤታችን የሚነሣ ወሬ ሆኗል። ዕቃችን በብዛት የሚያልፈው ዛሬም በጅቡቲ ቢሆንም ላሙ በዕቅዱ ላይ ስማችንን ይዛ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ከሞያሌ የተነሣ የጭነት መኪና እዚያ ሲደርስ በመስኮቱ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ቁጥቋጦ አይደለም። የኩዌትን ጣሪያ የተሸከመ፣ ከ1932ቱ ወረቀት የተረፈ፣ ዓሣ አጥማጆች ፍርድ ቤት የቆሙለት ደን ነው። ለመንገዱ የሚወጣው ገንዘብ ሲሰላ የእነዚያ ዓሣ አጥማጆች ድርሻ አብሮ እንዲሰላ መጠየቅ የኬንያውያን ብቻ ሥራ አይመስለኝም፤ መንገዱ በእኛም ስም የተጠራ ነውና።